በጆሮዬ የተቀጠርኩ ቀን

አንዱ በዐይኑ ነው የተቀጠረው፣
ካርድና ፊት እያስተያየ የሚያሳልፍ፤
አንዷ በእጇ፣ ጣት ይዛ ቀለም የምትነክር፤
እኔ በጆሮዬ።
ለስምንት ዓመት ልጅ በተሠራ ወንበር፣
ከመጋረጃው ጎን፣ ትንፋሼን ገትቼ፣
ለአንድ ሰው አንድ ቅጭል እጽፋለሁ ሰምቼ።

እዚህ፣ ጋምቢያ ወንዝ ዳር፣ ወረቀት የለም፤
ለመራጭ የሚሰጠው ብይ ነው፣
ልጆች አቧራ ላይ የሚያንከባልሉት ዓይነት።
ከመጋረጃው ጀርባ ሦስት በርሜል ቆሟል፤
ወደ ወደደው አፍ ይጥለዋል፣
ብዩም በቱቦው ተንደርድሮ
ሆዱ ውስጥ ያለችውን ቃጭል መትቶ ይወድቃል።
ከሥር ሰጋቱራ ተነስንሷል፣
ወድቆ ዳግም እንዳይጮኽ።
ሁለቴ ከጮኸ፣ ሌባ አለ ማለት ነው።
ካልጮኸስ?
ሥልጠናው እዚያ ሳይደርስ ምሳ ሰዓት ሆነ።

ዛሬ በዚህ መንገድ ብስክሌት ክልክል ነው።
ፖሊሱ፣ ዳቦ የሚያመላልሰውን ዱዱን አስቁሞ
ደወሉን በገዛ ካልሲው ጠቅጥቆለት «እለፍ» አለው።
አንገቷ ላይ ቃጭል ያላት ፍየል በመስኮቱ ሥር ብታልፍ
የጣቢያው ኃላፊ፣ ኬኩታ ማንጃንግ፣ ከነክራቫቱ
አባረራት፣ አንድ ጫማው እስኪወልቅ።
ዓመቱን ሙሉ ሰላምታ ያቋረጡት ሦስቱ ታዛቢዎች
አብረው ሳቁ፤
ወዲያው መሳቃቸውን ዐወቁ፣
ፊታቸውንም ወደየበርሜላቸው መለሱ።

እስከ ረፋድ ድረስ ቅጭል ቅጭል ነበረ።
በኋላ ግን ጆሮዬ ክፉ ነገር ተማረ፦
አንዷ ቃጭል ጥርት ያለች፣ አንዷ የሻከረች፣
አንዷ ጉንፋን እንደያዛት አስተማሪ የታፈነች።
ድምፅ ሰጡ ይባላል፤
እውነትም ድምፅ ሰጡኝ፣ እኔ ሳልለምን።
እንዲያ ነው ያወቅኩት
ዓሣ አጥማጁ ማንን፣ አዋላጇ ማንን።
ወንድሜም መጣ፤
ትናንት እራት ላይ በእናታችን ስም ሲምል አምሽቶ፣
ቃጭሏ ሌላ አለች።
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤
የኔስ ከባዳም ባሰ፣
የመንደሩን ጓዳ ሁሉ አዳርሶ ተመለሰ።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም ሱንካሪ ትራዋሊ ገባች፣
ከለውዝ ማሳ በቀጥታ፤
እጇን ታጥባለች፣ አፈሩ ግን ጥፍሯ ሥር ቀርቷል።
ብዩን ተቀበለች፣ መጋረጃውን ገለጠች።
ጠበቅኩ።
ቅጭሉ ለሁሉም አንድ ነው፤ ሰውን ከሰው የሚለየው
ከቅጭሉ በፊት ያለው ዝምታ ነው።
የሷ ግን ዝምታ ብቻ ሆነ፣
ረዘመ፣
ውጭ ሰልፉ አጉረመረመ፣
ወጣችም፣
ቀኝ እጇን እንደ ጨበጠች።
«ሰማሽ?» አለኝ ማንጃንግ፣ በቅንድቡ።
ቀኑን ሙሉ የሰማሁትን እንዳልሰማሁ ሆኜ ውዬ
አንድ ጊዜ፣ ሳልሰማ፣
«ሰማሁ» አልኩ።
ጻፍኩም።

ማታ፣ በፋኖስ፣ ብዮቹ እንደ ገበጣ
ጉድጓድ ባለው ሰሌዳ ላይ ተደረደሩ።
በኔ መዝገብ መቶ ሰማንያ ስምንት ቅጭል፣
በሰሌዳው መቶ ሰማንያ ሰባት፤
አንድ ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ቀረ።
ማንጃንግ ሦስቴ ቆጠረ፣
ሰጋቱራውን በጣቱ በጠረ፣
ወንበር ሥር በአራት እግሩ ገባ፤
ታዛቢዎቹ አንዱ የሌላውን ኪስ በዐይኑ በረበረ።
ይህ ነገር በመጽሐፍ ስም አለው፣ ድምፀ ተአቅቦ፤
እኔ የማውቀው የተጨበጠ እጅ ነው፣
ጥፍሩ ሥር አፈር።
«አንድ ጎድሏል» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ።
ፈረምኩ።

በጨለማ ወደ ቤቴ ስሄድ
አንድ ነገር ክንዴን ታክኮ ሊጥለኝ ምንም አልቀረው፤
ዱዱ ነው፣ በብስክሌት።
«ደወል የለህም?» ብዬ ጮህኩ።
«አለኝ» አለ፤ «ካልሲውን ረስቼው ነው።»