ቁርጥ

ሥራችን መቁረጥ ነው፤ በዚህ ነው የምንበላ፤
ሳቁን እናስቀድም፣ እንባው ይሁን ኋላ።
ግን ካለፈው ሰኞ እስከ ሐሙስ ማታ
አራት ኤዲተሮች፣ በዚህች ኮረብታ፣
የሰው ቃል ስንቆርጥ እጃችን የማይርድ፣
የራሳችን ነገር አልቆረጥ አለን፣ ከጉሮሮ አልወርድ።

ከታች ቫልፓራይሶ ጉሟን ተከናንባ፤
ከወደብ ይሰማል የመርከብ ጡሩንባ።
አሮጌዋ ፉርጎ በሽቦ ተጎትታ
ትወጣለች ዳገቱን ሲጥ ሲጥ እያለች፣ ትወርዳለች ደግሞ ጥቂት ቆይታ።
እኛ በቆርቆሮው ቤት፣ በሁለተኛው ፎቅ፣
ዳቦ በአቮካዶ ይዘን፣ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ስንጠያየቅ፦
እንሻገር? እንቅር?

ኦርያና በፖስታ ጀርባ ሒሳብ ጽፋለች።
"አሮጌው ሶፍትዌር እንደ ክፉ አከራይ በየዓመቱ ይጨምራል፣" አለች፤
"አዲሱ አንዴ ተከፍሎት ዝም ይላል፤
ቀለሙም ድምፁም በአንድ ጣራ ያድራል።
ደግሞ በዚህ ወር ብቻ ሃያ ሰባት ጊዜ ደርቆ ቀረብን፤
ቆጥሬያለሁ፣ ሃያ ሰባቴ ሥራ በላብን።"

ራየን የጫማ ካርቶኑን ከመደርደሪያ አወረደች፤
የአሥራ አራት ዓመት ሃርድ ዲስክ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች።
"የእነዚህን ቋንቋ አዲሱ አያውቅም፤ ማን ሊከፍታቸው?
የሞቱ ዓሣ አጥማጆች አሉ በውስጣቸው፤
እስኪ ሂዱና ንገሯቸው
ዋጋው ረክሶ ነው ብላችሁ የተውናቸው።"

ኒባልዶ ዝም። በምላጭና በሙጫ የጀመረ ሰው ነው፤
አውራ ጣቱ ላይ ያለው ጠባሳም የዚያ ዘመን ነው።
"ሦስቴ ዕቃ ቀይሬያለሁ፣" አለ በመጨረሻ፣ "ሦስቴም እንደ ሕፃን ድሄ፤
በስድሳ ሦስት ዓመቴ ጉልበቴን ልላጥ እንዴ ይሄ?
ከማታውቀው መልአክ የምታውቀው ሰይጣን...
ለማንኛውም አሳዩኝ እስኪ፣ ይህን የተባለውን።"

ማን ያሳየው? ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ።
ለካስ አውቀው ኖሯል እነዚህ ጉደኞች፣ ሳይናገሩ፦
ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ እነሱ ሲሄዱ፣
እንደ ውሽማ ቤት ተደብቄ ስገባ አዲሱ ዘንድ፣ ሌሊት በየመንገዱ።

ዶኛ ክሎሪንዳን ከፈትሁ። ባሏ ባሕር ወጥቶ የቀረባት፤
"አሁንም ይጠብቁታል?" ብለን ስንጠይቃት
መረቡን በጣቷ ይዛ አሥራ አንድ ሰከንድ ዝም ትላለች፤
ከዚያ ብቻ "ሾርባው እንዳይበርድ ነው" ትላለች።

አዲሱ አንዲት ቁልፍ አለችው፣ "ባዶውን አጽዳ" የምትባል።
ይደነቁ ብዬ ተጫንኋት። በቅጽበት ዝምታዋ ተነቅሎ ይጣላል፤
ሴትዮዋ እንደ ሱቅ ሻጭ ቶሎ መለሰች።
ክፍላችን ጭጭ አለች።

"ባዶ ነው ያለው ይሄን?" አለ ኒባልዶ፣ ድምፁን ሳያነሣ።
"ባሏ'ኮ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።"

ያኔ ነው ምድር የተነቃነቀች።
ትንሽ ናት፤ ለእኛ አገር ሰው በር ከማንኳኳት አትበልጥም ነበረች።
ብርጭቆው ተንጫረረ፣ አምፖሉ ተወዛወዘ፤
ማንም አልሮጠ፤ የሁሉም እጅ ወደ ኪቦርድ ገሠገሠ።
የኒባልዶ ጣት ቀደመ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ
"አስቀምጥ" ብሎ የሰየማት ቁልፍ ላይ አረፈ፣ በዚያው እንደ አመሉ፤
በአዲሱ ግን ያች ቁልፍ ትቆርጣለች።

ዝምታዋን መልሼላት ነበር፤ እንደገና ሰባተኛው ላይ ተቆረጠች፤
ጣቷ መረቡን ሲለቅ።
ሦስቴ መልሶ አየው፣ መነጽሩን እያወለቀ፣ እያጠለቀ።
"እኔ አይደለሁም፣ ምድር ናት የቆረጠችው፤
ደግሞ አልተሳሳተችም ብዙ፤ አራት ሰከንድ ነው ያጎደለችው።"
ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙት ያህል፦
"የትኛዋ ናት የምትመልሰው?"

ቁርጡን እስከ ዛሬ አልነገረንም።
ኦርያና ፖስታዋን አልጣለች፤ የራየን ካርቶን ከጠረጴዛው አልተነሣም።
ዛሬ ጠዋት ግን ቀድሜ ስገባ
አሮጌው ኮምፒውተር በርቷል፤ ከአዲሱ ኪቦርድ ላይ፣ በየቁልፉ አናት፣
ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ አገኘሁ፣ በእርሳስ የተጻፈባት።
አንዷ ላይ ብቻ ምንም አልጻፈም፤
"ባዶውን አጽዳ" የነበረችው፤
እሷን ሁለት ጊዜ ነው የሸፈናት።