የልጆች ብዛት

ከድሬ መናኸሪያ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣
በየሃያ አንድ ቀን፣ ያንኑ መንገድ።
«ሐረር! ሐረር! ሐረር! አንድ ሰው የቀረው!»
ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ፤ ወንበሬም ከመስኮት የተጠጋው ነው።
አንዲት አሮጊት አለች፤ እጇን በመስኮቱ አሹልካ ታስገባለች፤
አስር ብር ስሰጣት፣ ፊቴን ሳታየኝ፣ «ወልደሽ ሳሚ» ትላለች።
ሹፌሩ «አሜን» ይላል በኔ ፈንታ፣ ማርሹን እያስገባ፤
እኔ ሻሼን ወደ ታች እስባለሁ፣ ቅንድቤ እስከነበረበት፣
ምርቃቱ እንዳይገባ።

ደንገጎን ስንወጣ ጆሮዬ ይደፈናል፤
ያኔ የመጀመሪያው ቀን ድምፅ ውስጥ ውስጡን ይሰማኛል፦
«ስም?»
ነገርኳት።
«ዕድሜ?»
«ሃያ ዘጠኝ።»
የካርድ ክፍሏ ልጅ ማስቲካ ታኝካለች።
«ሥራ?»
«ልብስ ሰፊ። የተማሪ ዩኒፎርም፤ ቀፊራ፣ ከመስጊዱ ጀርባ።»
(ለሚያድግ ልጅ ጠርዙን ሁለት ጣት እንደማተርፍ
አልጠየቀችኝም።)
«የልጆች ብዛት?»
«ዜሮ።»
ዜሮዋን ድቡልቡል አላረገቻትም፤ ወደ ታች ሞላ ያለች፣
እንቁላል አስመስላት ጻፈች።

ዶክተር ኢፍቱ ግን መነጽሯን አውልቃ፣ ወንበሯን ሳብ አርጋ፣
«መድኃኒቱ» አለች፣ «ወዳጅ ከጠላት አይለይም፤ ካንሰሩን ሲወጋ
እንቁላልሽንም ሊያገኘው ይችላል።
ቀድሞ አውጥቶ፣ አቀዝቅዞ ማኖር የሚባል ነገር አለ፤
እዚህ የለም። ባለበትም ብሩ አለ፣ ወረፋው አለ፤
ያንቺ እብጠት ደግሞ ወረፋ አያውቅም።
እስከ ሐሙስ አስቢበት።»

እስከ ሐሙስ!
ሦስት ማታ ከባሌ ጋር ባልመጣ ሰው ላይ ሸንጎ ተቀመጥን።
ምንተስኖት ከሲሚንቶ ፋብሪካው ሲገባ ቅንድቡ ነጭ ነው፤
ሳይሸመግል የሸመገለ፤
«አንቺ ካለሽልኝ ሌላ ምን አጣሁ?» እያለ
እጁን ታጠበ፤ ደግሞ ታጠበ፤ ውሃው ግራጫ ሆኖ ወረደ።
ቃሉን አመንኩት።
ግን ስልኩ ውስጥ፣ የዕቁብ ሂሳብ ከሚጽፍበት ሥር፣
አንድ የሴት ልጅ ስም አለ።
አላጠፋውም። አይቻለሁ አላልኩትም።
ሐሙስ ጠዋት «ጀምሪው» አልኳት።

ከሁለተኛው ዙር በኋላ የወር አበባዬ ቀረ።
ድሮ ቢሆን፣ በባሌ ጆሮ የምነግረው ብስራት ነበረ።

ሐረማያ ላይ፣ ከኋላ ወንበር፣ አንድ ሰው አይጠፋም
«ደርቆ አልነበር? ይኸው ተመለሰ! አላህን ምንም አይሳነውም» የማይል።
አክስቴም ይህንኑ ሐይቅ ስንቅ አርጋ ትቋጥርልኛለች።
እኔ ግን ሐይቅ አይደለሁም።
ሐይቅ አምስት ዓመት ሙሉ እንክብል አይውጥም፤
ሃያ ዘጠኝ ላይ አምስት ደምሮ፣ ጣቱን አጥፎ አይቆጥርም፤
እናቱ በጡቷ አልሞተችበትም፤
«ሴት ብወልድስ? ይህንኑ ባወርሳትስ?» ብሎ ከሌሊት እንቅልፉ አይነሳም።
ይህን እያልኩም፣ በያንዳንዱ ጉዞ፣
አንገቴ ወደ ውሃው ይዞራል።
ወፎች አሉበት።

ቀዩ መድኃኒት ጠብ ጠብ ሲል፣ ከጎኔ ፈትያ፣ የጀጎል ልጅ፤
የሰባት ወር ሕፃኗን በአንድ ጀምበር፣ ጡቷን እሬት ቀብታ፣
አስጥላ የመጣች።
«ታድለሽ፣ የሚያለቅስብሽ የለ!» አለችኝ።
«ታድለሽ፣ የሚያለቅስልሽ አለ!» አልኳት።
ተያየን። ከዚያ ሳቅ አፈነን፤ መርፌው እስኪነቃነቅ፤
ነርሷ ተቆጣችን።
ሳቁ ሲበርድ ወተቷ ፈስሶ ቀሚሷን አርሶት ነበር።
ሻሼን ፈትቼ ሰጠኋት።

ዛሬ አምስተኛው ነው። አሮጊቷ መጣች።
አፏን ሳትከፍት ብሩን አስጨበጥኳትና
«እማማ፣ ያን ምርቃት ተዪው» አልኩ፤ «ሌላ የለሽም?»
ቀና ብላ አየችኝ፤ ገና ዛሬ።
ብሩን አገላበጠችው፤ መልስ የምትሰጠኝ ይመስል።
ረዳቱ በሩን ገፋ።
«እንግዲያ…» አለች፣ ከሚኒባሱ ጋር እየተራመደች፣
«እንግዲያስ ደርሶ መልስ ያርግልሽ!»
ሹፌሩ ማርሽ ላይ ነበር፤ አልሰማትም።
«አሜን» ያልኩት እኔ ነኝ።