ካምቢዮ

እኔ ፒያኖ ቃኚ ነኝ፣ በፓይሳንዱ ከተማ፤
ጆሮዬ ነው ከሰው ቀድሞ የተዛነፈ የሚሰማ።
በስምንተኛው ቀን፣ ከመሸጫው እንደወጣች፣
ከሁለት ወደ ሦስት ስቀይራት አቃሰተች።
ቀጭን ናት፣ ሐር መሳይ፣ ለሌላ ሰው ዝምታ፤
ለእኔ ግን ከብረት ሆድ የሾለከች ዋይታ።

ሻጩ ፈገግ አለና በሩን ከፈተልኝ፣
«አዲስ የተወለደ ሁሉ ያለቅሳል፣ ይለመዳል» አለኝ።

ለመድኩት። መቃኛ ቁልፌን፣ ሹካዬን ጭኜ፣
ከገዳም ትምህርት ቤት እስከ ከብት እርባታ ባክኜ፣
በጊቾን የአንዲት መበለት አይጥ የገባበት ፒያኖ፣
በሰርግ አዳራሽ ያለው ደግሞ ከዘፈን ሁሉ መንኖ፣
ሁሉን እያረምኩ ዞርኩ፣ በማይታረም መኪና።

ዋስትናው ባለቀ በዘጠነኛው ቀን፣
ብርቱካን እርሻ መሀል፣ ሲጨልምብን፣
ሦስተኛው ማርሽ ጠፋ። ሁለተኛው ተከተለ።
የኋላ ብቻ ቀረ። ወደፊት የሚባል የለ።
ስድስት ኪሎ ሜትር የኋሊት ነዳሁ፣ አንገቴን አዙሬ፤
ከብት ነጂው ፈረሰኛ፣ ቀብር ያለፈ መስሎት፣
ባርኔጣ አነሣ ለነውሬ።

ዊልማር ኤቼጋራይ ካምቢዮውን አውርዶ ፈታና
ዝቃጩን አሳየኝ፣ በጣቶቹ መሀል ነካካና።
ያበራል። ብረት ራሱን በራሱ ፈጭቶ
እንደ ዓሣ ቅርፊት በጥቁር ዘይት ላይ ተኝቶ።
«ዶን ኤውሴቢዮ፣ ይቺ በዚህ ዓመት አራተኛዋ ናት፤
ሁሉም በዚሁ ጥርስ፣ በዚችው ቀለበት።»

ዋጋውን ጻፈልኝ፣ በሲጋራ ካርቶን ጀርባ።
የሠላሳ አንድ ፒያኖ ቅኝት፣ የክረምት ሙሉ ሥራ፣
ለአንዲት የነሐስ ቀለበት፣ መዳፍ ለማትሞላ፣ ለተራ።
«ለብቻዋ አትሸጥም፤ ሙሉውን ግዛ ይላሉ፤
ጥርሱን ላመመው ሰው ጭንቅላት ይሸጣሉ።»

ካምቢዮ በእኛ ከተማ የሁለት ነገር ስም ነው፤
አንዱ ማርሽ የሚቀይር፣ አንዱ ገንዘብ የሚመነዝረው።
ዋናው መንገድ ላይ ቢጫ ሰሌዳ አለ፣ «ካምቢዮ» የሚል፤
ያጠራቀምኳትን ዶላር ይዤ ገባሁ፣
ካምቢዮን በካምቢዮ ልከፍል።

ለመሸጫው ጻፍኩ። እሱ ወደ አስመጪው መራኝ።
አስመጪው «እኔ ተላላኪ ነኝ» ብሎ ባሕር ማዶ ሰደደኝ።
በአርባ ሦስተኛው ቀን ከባሕር ማዶ መልስ መጣ፤
ፊርማ የሌለው ወረቀት፣ ስሜን በቅጡ ያላወጣ፦

«ውድ ደንበኛ፣ የጠቀሱት ድምፅ የተሽከርካሪው ባሕርይ ነው።
ስለ ምርጫዎ እናመሰግናለን።»

ባሕርይ!
ሌባ «አመሌ ነው» ቢል የትኛው ዳኛ ይፈታዋል?
ለካ ስብራትም እንዲህ ክርስትና ይነሣል።

ዋስትና ይሉታል። ዋስ ማለት ግን ሰው ነበር፤
ስሙ የሚታወቅ፣ የሚንኳኳ ያለው በር፤
ባለ ዕዳ ሲሰወር «እኔ አለሁ» ብሎ የሚነሣ።
ይሄ ግን ወረቀት ነው። የወረቀት ዋሱ ወረቀት።
ወረቀት ደግሞ
አንገት የለው፣ አያፍር፣
እንቅልፍ የለው፣ አይባንን።

ዋሳቸውን ልጠራ ደወልኩ። አንድን ጫንኩ፣ ሦስትን፣ ዜሮን፤
ሙዚቃ ከፈቱልኝ፣ እንዲያደነዝዝ ጆሮዬን።
ፒያኖ ነበር። ሃያ ስድስት ደቂቃ ሰማሁት።
ላይኛው ክሩ ወርዷል፤ ስንት ዘመን እንዲሁ ተዉት?

በኋላ አንዲት ልጅ አነሣች፤ «ምን ልርዳዎ?» አለችኝ።
ታርጋው፣ የደረሰኙ ቁጥር፣ የተለማመድኩት ስድብ፣ ሁሉም ጠፋኝ፤
«ልጄ፣» አልኳት፣ «ፒያኖአችሁ ተበላሽቷል።»

ዝም አለች።

«አውቃለሁ፣» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ቀኑን ሙሉ እሰማዋለሁ፤
ለማን እንደሚነገር ግን
እኔም እጠይቃለሁ።»