ሁለት ኢንች

ሎንግሪች ሐምሌ ነው። ብርዱ አጥንት ይዘልቃል፤
የጋራዡ ቆርቆሮ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል።
እኔ ባትሪ ይዤ፣ ሆዴ መሬት ነክቶ፣
አጎቴ ክሌመንት ከመኪናው ሥር ገብቶ፣
እግሩ ብቻ ይታያል፣ ስድቡ ይሰማል፤
«ቡሎኑ ላይ አብሪ! ዓይኔ ምን አርጎሻል?»
ቡሎኑ ግን ዝጓል፤
ሃያ ዓመት አቧራ ቅሞ፣ ሃያ ዓመት ጭቃ ልሶ፤
ዘይት ብናጠጣው፣ በመዶሻ ብንለው፣
ዝም! እንዳኮረፈ ሰው ፊቱን መልሶ።

ላንድክሩዘሩ የአያቴ የአልፍ ነበረ፣
ከእኔ በፊት ተገዝቶ፣ ከእሱ በኋላ የኖረ።
ባሌስትራው ድሮ ደጋን ነበር አሉ፤
ዛሬ ማስመሪያ ነው፣ ቀጥ ብሏል በሙሉ፤
ስንት በግ፣ ስንት ሽቦ፣ ስንት የውሃ በርሜል፣
አንድ ጊዜም ፒያኖ (ያንን ሌላ ቀን ልበል)።

አምና ዘጠኝ ማይል፣ ከጅረቱ ስንደርስ፣
ድንጋዩ ሆዱን ያዘው።
ማርሚታው ተገንጥሎ በጭቃ ሲለወስ፣
አያቴ ዊኒፍሬድ ጋቢና ተቀምጣ፣
አንድ ቃል ሳይወጣት፣ ቦርሳዋን ጨብጣ፣
ማዶ ማዶ አየች።
ማዶ አልፍ አለ፤ ከሁለት ባሕር ዛፎች ሥር፤
ባሕር ያልተሻገሩ፣ የዚያው የአፈሩ ዘር።
አበባዋ የፕላስቲክ ነው፤ ቢዘገይም አይጠወልግም፤
እሷ ግን ሰማንያ አንዷን ይዛለች፤ ፕላስቲክ አይደለችም።

ታዲያ ክሌም ሰነበተና አዲስ ባሌስትራ አዞ፣
ካርቶኑ መጣ ከብሪዝበን፣ የሦስት ሳምንት አቧራ ይዞ።
«ሁለት ኢንች» ይላል። በጣቴ ለካሁት፤
ይኼ ነው? ይችን ታህል? አልኩና ሳቅሁበት።
«ለድንጋዩ አንድ ይበቃል» አለኝ፣ «አንዱ ለእግዜር ነው»፤
ከኪሱ ብስኩት አውጥቶ በግራሶ ጣቱ ሰበረው።

በሦስተኛው ቀን ግራይንደሩ ጮኸ።
ቡሎኑ ወደቀ፤ ግሎ፣ አጥሮ፣ እንደ ወለቀ ጥርስ፤
«ለማስታወሻ ልያዘው?» ብል፣ «ተይው፣ ጣትሽ እንዳይጠበስ!»
አዲሱን ሰቀልን። ክሪኩን ስናላላ
መኪናው እንደ ወትሮው አልተኛም፤
ኋላውን አስቀድሞ እንደ ግመል ተነሣ።

ግን አንዱ ከፍ ቢል፣ ስንቱ ነገር አጠረ!
የፍሬኑ ቱቦ እንደ ክር ተወጠረ፤
የፊት መብራቱም መንገዱን ትቶ ጣሪያ ያይ ጀመር፤
ቱቦ ስናስረዝም፣ መብራት ስናወርድ፣ ሌላ ሁለት ቀን ነበር።

ዓርብ ጠዋት አያቴ ባርኔጣዋን አጥልቃ መጣች።
በሩን ከፈተች።
እግሯን አነሣች።
አልደረሰም።
ደግማ አነሣች።
ዳሌዋ ውስጥ ያለው ብረት ለዚህ ቁመት አልተሠራም።
ክሌም መሬት መሬት አየ፤
እኔ በጠራራ ፀሐይ ባትሪ እንዳበራሁ ቀረሁ።
«እኔን ለማድረስ ብለህ» አለችው፣ «ሽቅብ ሽቅብ ሰቅለህ፣
እኔ የማልደርስበት አረግኸው፤ እሰይ ልጄ፣ እጅህን ይባርክህ!»
ሳቋ ቆርቆሮውን አንኳኳው።

ክሌም ግን አልሳቀም። ወደ ጥጉ ሄደና፣
ያን ማስመሪያ፣ ያን የደከመ አሮጌ ብረት አነሣና፣
በስንዝሩ ለክቶ ቆረጠ፣ በሳ፤
«የሞላ ብረት ብየዳ አይወድም» እያለ ለራሱ፣
ከበሩ ሥር በአራት ቡሎን አሰረው።
አያቴ ረገጠችው።
ጎበጥ አለ ጥቂት፣ ድሮ ደጋን የነበረ ትዝ እንዳለው፤
ከዚያ ወደ ላይ ሰጣት።

ዘጠኝ ማይል ስንደርስ ማንም አልተነፈሰም።
ድንጋዩ ከሥራችን አለፈ፤ ሆዳችንን አልነካም።
አያቴን ግን አየኋት፤
ቦርሳዋን እንደ አምናው ጨብጣ፣
ሁለት እግሯን ከወለሉ
አንሥታ ይዛ ነበር፣
ድንጋዩ እስኪያልፍ፣
ሁለት ኢንች ያህል።