ደርብ

ኪሪያት ማላኪ፣ የመላእክት አገር፣
መልአክ ግን አላየሁ፤ በሱፐርማርኬት በር
የቆምኩት እኔ ነኝ፣ ባለ ፕላስቲክ ወንበር፤
ደረቴ ላይ «ዶቭ» የሚል ባጅ ለጥፈውብኝ፣
«ደርብ» ማለት ቢከብደው ነው አለቃዬ ያሳጠረኝ።

በእጄ የሚጮህ በትር አለ፤
ቁልፍ ሲያገኝ ይጮሃል፣ ሳንቲም ሲያገኝ ይጮሃል፣
በገዛ ደረቴ ላይ ሳልፈው ግን ዝም ይላል።
እዚያ ያለው ጩኸት ብረት አይደለማ!

«ቦርሳሽን ክፈቺ፣ ቦርሳህን ክፈት» ስል እውላለሁ፤
የሰውን ሁሉ ጓዳ አውቃለሁ፤
ሽንኩርቱን፣ ጡጦውን፣ የደም ግፊት ኪኒኑን፣
አጣጥፎ የደበቀውን የከሰረ ሎተሪውን።
የእኔን ግን የሚከፍት የለም።
ቢከፍቱት፣ አንድ ፒታ፣ ሁለት ቲማቲም፣
ከሥር ደግሞ በሹራብ እንደ ሕፃን የተጠቀለለ
ግማሽ ጠርሙስ አራክ አለ።
አባቴ አረቄ ነበር የሚለው፤
እሱንም እንደ እኔ ስሙን አሳጥረው ነው ያስገቡት።

የጀመርኩት ለእንቅልፍ ነው።
ሳይረን የጮኸ ሌሊት ነበር፤ ሰው ከመጠለያው ወጥቶ ተኛ፣
ለልቤ ግን «መውጣት ይቻላል» ያለው የለም።
አንድ መለኪያ ቀዳሁ።
ፍርሃቴ እንደ ውሻ እግሬ ሥር ተጋደመ።
ጠርሙሱ በስሜ የጠራኝ መሰለኝ፤
«ደርብ!»
ደረብኩ።
አንዱን በአንዱ ላይ፣ ማታን በማታ ላይ ደረብኩ።

ንጋት ላይ ውሻው ይነሣል፤ ከማታው ይልቅ ሰብቶ፤
ለካ ማታ ማታ የምቀልበው እሱን ኖሯል!
ጣቶቼን ነክሶ ያንቀጠቅጠኛል፣
ያልሠራሁትን ጥፋት ይቆጥርልኛል።
አራክ አልነበረም፣ አራጣ ነው፤
እንቅልፍ አበድሮኝ፣ ወለዱን በላብ የሚቀበለው።

አርብ ነበር፤ አስፋልት የሚቀልጥበት የሐምሌ አርብ፤
ሰው ለሰንበት ሊሸምት ይጋፋል።
ወይዘሮ እንጉዳይ ቦርሳቸውን ዘረጉልኝ።
ዚፑን መያዝ አቃተኝ።
አንዴ ሳትኩት። ሁለቴ። ሰልፉ አጉረመረመ።
አንዱ ከኋላ «ኑ! ኑ!» ይላል፤
በዕብራይስጥ ፍጠን ማለቱ ነው፤ በእኛ ግን ጥሪ ነው።
እሳቸው እጄን አዩ። ፊቴን አላዩም።
«በርዶህ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ፣ በዚያ ሐሩር፤
«ደርብ።»

ስሜን መጥራታቸው ነው? ልብስ ደርብ ማለታቸው ነው?
ወይስ የማታ የማታውን ያውቃሉ?
እስከ ዛሬ አልለየሁትም።
ብቻ እጃቸውን በእጄ ላይ ደረቡ፤
እስኪረጋ ጠበቁ፤ ዚፑን አብረን ከፈትነው።
ውስጡ ባዶ ነበር።
ያን ሁሉ ያንቀጠቀጠኝ ባዶ ቦርሳ ነው።

ያን ማታ አልጠጣሁም ብዬ አልዋሽም።
ጠጥቻለሁ። አንድ።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ፤ ያው ፍርሃት፤ በሬ ላይ ቆመ።
ሌላ ሙያ የለኝም፤ የማውቀውን አደረግሁ።
«ቦርሳህን ክፈት» አልኩት።

ከፈተ።
ያልተከፈለ የመብራት ሂሳብ፤
የልጄ የውትድርና መጥሪያ፣ ሁለት ጊዜ የታጠፈ፤
ወንድሜ ደውሎ ያላነሣሁት ስልክ፣ እስካሁን ይጠራል፤
ከሥር፣ ከሁሉም ሥር፣
በሹራብ የተጠቀለለ ግማሽ ጠርሙስ።
ሹራቡ የእኔ ነው።

«ይኼን ማን ሰጠህ?» አልኩት።
ስሜን ጠራ፤ ሳያሳጥር።
«ደርብ» አለኝ።

አቤት አላልኩም።
ግራ እጄን በቀኝ እጄ ላይ ደርቤ ቁጭ አልኩ።
ፍሪጁ ያጉረመርማል።
ገና ዘጠኝ ተኩል ነው።