ያልተጠረገ ግቢ

ከማላዊ ሐይቅ ዳር፣ በቺፑላ መንደር፣
ግቢያችን ራቁቱን ሲጠበስ ነበር።
ማለዳ ከደወል፣ ከመዝሙሩም በፊት፣
ሰባ መጥረጊያ ወጥቶ ምድሪቱን ሲልጣት፣
የወደቀ ቅጠል እንደ ወንጀለኛ
ተለቅሞ ተከምሮ ይቃጠላል በእኛ።
ንጹሕ ማለት ባዶ፣ ሥርዓት ማለት አቧራ፤
ዋና መምህር ካቻሌ በዚህ ነው የሚኮራ።

አምስተኛ ክፍልን አስተምራለሁ እኔ፤
አራት ሰዓት ሲሞላ የሚከደን ዓይኔ
አይደለም፣ የልጆቹ ነው። ቁርስ ያልቀመሰ
«አንድ አራተኛ» ስለው «የምን?» ብሎ መለሰ።

ዝናቡ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀር
«መጥረጊያውን አኑሩት» ብዬ ጀመርኩ ነገር።
ሳቁብኝ። ዳሊትሶ ግን፣ የመጥረጊያ አለቃ፣
«እኔስ ምን ልሆን ነው?» አለኝ፣
ከንፈሩ ደርቆ እንደ ጭቃ።
«የቅጠል ሹም» አልኩት። ሹመቱን ወደደው፤
ከመንገድ፣ ከገበያ፣ ከመስጊድ ደጅ ለቀመው፣
ለአፈሩ ልብስ ሆነ ትናንት ያቃጠለው።

የሂሳብ ደብተሬ እንዲህ ይላል፦
መቆፈሪያ አንድ፣ እጀታው የተሰነጠቀ፣ ከዘበኛው ከቺንኩምባ በውሰት።
የሙዝ ችግኝ ስድስት፣ ከአንዲት መበለት ጓሮ፤ ውኃ በመቅዳት ተከፈለ።
የርግብ አተር፣ ከልጆቹ ኪስ፤ ግማሹ መንገድ ላይ ተበልቷል።
የካሳቫ ቁራጭ፣ የተለመነ።
የፓፓያ ዘር፣ ከአፍ።
ገንዘብ የወጣበት፦ ገመድ፣ ሁለት ሺህ ክዋቻ።
እሱንም ፍየል በላው።

ላይ ቤት ማንጎ ይውጣ፣ መካከል ፓፓያ፣
ሙዙ ከእጣቢው ጉድጓድ፣ ከእጅ መታጠቢያ፣
አተሩ በጎኑ፣ ካሳቫው በኋላ፣
ዱባ ምድር ለምድር እየሄደ ይሙላ።
«እኛ ቤት እንዲህ ነው» አለች ፋይነስ ስቃ፣
«ስድስት ሆነን ባንድ ምንጣፍ፤ ትንሹ ነው እታች፣ እግር በዝቶበት ሲነቃ።»
ከዚያ የያዘችውን ፓፓያ ገመጠች፤
ዘሩን በተራ በተራ፣ በእርምጃ እየለካች፣
እንትፍ፣ አንድ ርምጃ፣ እንትፍ፣ እያለች ተከለች።

ዝናቡ ሌሊት ገባ። ጠዋት ሄድን ለማየት፤
ከቅጠሉ ሥር አገኘን ጣት የሚያጠልቅ እርጥበት፣
የተጠረገውን ወገን ግን፣ ቀዩን አፈር፣
ጎርፍ እየነዳው ነበር ወደ ሐይቁ ዳር።
ማንም አልተናገረ።
ዳሊትሶ ጎንበስ ብሎ ጎርፉን በእግሩ ሊያግድ ሞከረ።

ጥር ላይ ተቆጣጣሪ ከከተማ ሊመጣ፣
ካቻሌ አረሙን አይቶ፣ ደም ፊቱ ላይ ወጣ።
«ትምህርት ቤት ነው ወይስ ጫካ?» መጥረጊያው ተመዘዘ፣
እሳቱ ተያያዘ።
አተሬ አመድ ሆነ፣ ሙዜም ተቆረጠ፤
ተቆጣጣሪው ግን
በዚያን ቀን አልመጣ።

የተረፈው አንድ ጥግ፣ ከመጸዳጃው ጀርባ፣
ፋይነስ ዘር የተፋችበት፣ መጥረጊያ የማይገባ።

መጋቢት ላይ አባቷ ዓሣውን ተከትሎ
ወደ ሰሜን ቀዘፈ፣ መረቡን ጠቅልሎ፤
እሷም ታንኳው ጫፍ ላይ፣ ደብተር በጉያዋ።
ጠዋት ስሟን ስጠራ፣ «የለችም» አለ ጓደኛዋ።

ዘንድሮ ሦስት ዓመት።
ከዚያ ጥግ ተነሥተን እንደገና ገፋን፣
በየክረምቱ አንድ ክንድ፣ ካቻሌን ሳናስቀይም፣ ፈርተን ሰፋን።
ማንጎው ገና ጎረምሳ ነው፣ ቅጠል እንጂ ፍሬ የለው፤
ፓፓያው ግን ከቆርቆሮው በላይ ነው።
ዋና መምህራችን ወንበሩን አውጥቶ፣
ማንም ያላየው መስሎት፣ ቀስ ብሎ ተደግፎ፣
መዝገቡን ከሥሩ ሆኖ ይፈርማል።
እኛም አናየውም።

መጥረጊያዎቹ? እጀታቸው ቀረ፤
ፓፓያ እናወርድበታለን።
ዳሊትሶ ያወርዳል፣ እኔ እቆርጣለሁ፤
«አንድ አራተኛ» ስል
አሁን እጅ ይዘረጋል።

«ማን ተከለው?» ይላሉ አዲስ የገቡ ልጆች።
«አንዲት ልጅ ነበረች» እላለሁ፣
«ዘሯን ጥላ ሄደች።»

ሄደች።
ጥላ ቀረ።