ያላለፈ የይለፍ ቃል

ሙሮስ ወደብ፣ ባንኩ ሊዘጋ አስር ደቂቃ ሲቀረው፣
ኤላዲዮ መጣ፤ ባርኔጣው በእጁ፣ ዝናብ ካፖርቱን እየነከረው።
ሃምሳ ዓመት ሰርዲን ያጠመደ፣ መረብ የጠገነ ሰው
በአንድ መልእክት ተጠመደ፤ መንጠቆውን ሳያይ ዋጠው።

«ውድ ደንበኛችን» ይላል፤ «ሂሳብዎ ዛሬ ማታ ይዘጋል፣
ከታች ያለውን ይጫኑ።» አርማው እንኳ የኛን ይመስላል።

«ዓሣ ብሆን» አለኝ፣ «ይህን ክር አልነካም ነበር፤
ሰው ነኝና ፈራሁ፣ ይዘጋል ሲሉኝ በር።»

አራት መቶ ዩሮ ሄዷል። ስለ እሱ አልጠየቀኝም።
«ቃሌን ማን ሸጠው?» ነው ያለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ፈልጌ አየሁ። ከሦስት ዓመት በፊት፣
ቦቲ የገዛበት ሱቅ መዝገቡ ተሰርቆ፣
ቃሉ ገበያ ወጥቷል፣ ከሚሊዮኖች ጋር ባንድ ቅርጫት ታጭቆ፤
ከአንድ ሰርዲን ባነሰ ዋጋ።

ቃሉን መጠየቅ ክልክል ነው። እኔም አልጠየቅኩም።
ራሱ ነገረኝ፤ ጮክ ብሎ ግን አይደለም፦
«ብራይስ። ከዚያ የተጠመቀበት ዓመት።»

ብራይስን ሙሮስ ያውቀዋል። የመጋቢት ማዕበል በተነሳበት ሌሊት
ጀልባዋ ብቻዋን ተመለሰች፣ ፋኖሷ እንደበራላት።
ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ስሙን የሚያነሳ የለም፤
ኦብዱሊያ እንደሆነች፣ ጎረቤት ቢሳሳት እንኳ፣ ፊቷን ታዞራለች፤ ዝም።

«ጠዋት ጠዋት ግን» አለኝ፣ «ፖስታዬን ስከፍት በጣቴ እጠራዋለሁ፤
አምስት ፊደል ነው። በሩ ይከፈታል። ገባ፣ እላለሁ።»

የይለፍ ቃል ነው የሚሉት። ይለፍ!
አስራ ዘጠኝ ዓመት አላለፈለት፣ በየማለዳው ሲያሳልፍ።

አሁን በማላውቀው አገር፣ በማላውቀው ክፍል፣ እንቅልፍ የሌለው ማሽን
ስሙን ይዞ ይዞራል፤ የዓለሙን ደጅ ያንኳኳል፣ ሱቁን፣ ፖስታውን፣ ባንኩን።
«ብራይስ?» «የለም፣ ስህተት ነው።» «ብራይስ?» «እንደገና ይሞክሩ።»
ያኔ ፈላጊ ጀልባዎቹ እንኳ ይህን ያህል አልዞሩ።

«ይቀይሩት» አልኩ። ሥራዬ ነው።
ቁጥር፣ ምልክት፣ ትርጉም የሌለው ፊደል ወረቀት ላይ ጻፍኩለት።
እንደ ባዕድ ሰው ስም አየው። አጥፎ ኪሱ ከተተው፤
ወደ ዝናቡ ወጣ።

ማክሰኞ ኦብዱሊያ መጣች፣ ስልኳን እንደ ታመመ ጫጩት በመዳፏ ይዛ፤
«ለኔም ያው ደብዳቤ ደረሰኝ፣» አለች፤ ድምጿ ቀዝቃዛ።
ቃሏን አልጠየቅኳትም። እሷ ግን ብዕሬን አንስታ
በብጫቂ ወረቀት ጻፈችው።
አምስት ፊደል። ከዚያ ዓመት።

«ለኤላዲዮ እንዳትነግሪው፣» አለችኝ፣ ወረቀቱን መልሳ እየቀደደች፤
«እሱስ ከረሳው ቆየ፤ ለምን ይታወስበት» እያለች።